ቤቱን ተሸክሞ ስለሚሄድ መንገደኛ

ሰው በዚህ ዓለም መንገደኛ መሆኑ ለክርስቲያን የታወቀ ነገር ነው፤ ነገር ግን መንገደኛ ሁሉ በአንድ ዐይነት አይሄድም። አንዱ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ አሳድሩኝ» ይላል፤ ሁለተኛው ገንዘቡን ከፍሎ ከሆቴል ያድራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለ ሦስተኛው ነው።

ቤቱን ተሸክሞ የሚሄደው በመኪና ጣሪያ ላይ በሚታሰር ድንኳን ነው። ድንኳኑ ቀን ቀን እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ታጥፎ ይተኛል፤ ሲመሽ ይገለጣል፤ ፍራሹ ከውስጡ ተነጥፎ ይገኛል፤ መሰላሉም ወደ ምድር ይወርዳል፤ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ በዚያ ወጥተው ያድራሉ። ይህ ነገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢጣልያ አገር ለሽርሽር መንገደኞች ይሠራ ነበር፤ በደቡብ አፍሪቃ ግን ከእባብና ከአውሬ ከፍ ብሎ ማደር ስለሚጠቅም እጅግ ተወደደ። አፍሪቃን ከዳር እስከ ዳር በመኪና የሚያቋርጡ የውጭ አገር ሰዎች በኢትዮጵያ መንገድም ይዘውት አልፈዋል፤ ከከተማ ቤተ ሰቦቻችንም ይህንኑ፣ ወይም በመኪና ሆድ የሚጫነውን ተራ ድንኳን፣ ይዞ የሚጓዝ አለ።

ይህ ሰው ማንንም አያስቸግርም። ደጅ አይመታም፤ የሰው መደብ አያጣብብም፤ ከሰው ሌማት አይጎርስም። በማለዳ ተነሥቶ ሲሄድም ከጎማው ፈለግ በቀር ምልክት አይተውም። ለመሆኑ ማንንም አለማስቸገር በጎ ምግባር ነውን? ወይስ ሌላ ነገር የሚሸፈንበት መጎናጸፊያ ነው? ብዙ ሰው «በጎ ነው እንጂ ምን ይጠየቃል» ብሎ ፈጥኖ ይመልስ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ በፍጥነት የሚፈረድ አይደለም።

አስቀድሞ ድንኳን ራሱ የተናቀ ነገር አለመሆኑ ይታወቅ። በግእዝ ደብተራ ማለት ድንኳን ነው። ታቦተ ጽዮን ቤተ መቅደስ ሳይሠራላት ብዙ ዘመን ያደረችው በድንኳን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። ጴጥሮስ በደብረ ታቦር ሦስት ዳስ ለመሥራት በፈቀደ ጊዜ አንዱን ለጌታ፣ አንዱን ለሙሴ፣ አንዱን ለኤልያስ አደረገ እንጂ ለራሱ አንድም አልቈጠረም፤ ይህን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን አባታችን አብርሃም አለ። ቀትር በሆነ ጊዜ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች ቆመው ቢያይ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ለእግራቸው ውሃ አስመጣ፤ ሣራን እንጎቻ አስጋገረ፤ ጥጃ አሳረደ። አብርሃም ቤቱን ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነበረ፤ ነገር ግን በድንኳኑ ደጃፍ ይቀመጥ ነበር። ቀትር የእንግዳ መምጫ ሰዓት ነውና ሌላው ሰው በጥላ ሲተኛ እርሱ መንገድ ይመለከት ነበር። ሸራው ያው ሸራ ሲሆን ለአንዱ እንግዳ መቀበያ፣ ለሁለተኛው ከሰው መሸሻ ይሆናል ማለት ነው።

ነገሩን በቅርብ ለመመርመር የወሎን መንገድ መመልከት ይበቃል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግማደ መስቀሉ ያረፈባትን ግሸን ማርያምን ለመሳለም ብዙ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ አልፎ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ አምባሰል ይሻገራል። እስከ ደሴ ያለው ብቻ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘግይቶ የተነሣ ሰው ከከሚሴ አልፎ ሐርቡ ሲደርስ ፀሐይ ታዘቀዝቅበታለች። ሐርቡ በቃሉ ወረዳ ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ በቦርከና ሸለቆ በኩል ያለች ከተማ ናት። አየሯ ሞቃት ነው፤ በመስከረም ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ይቆማል፤ በቆሎውም እሸት ነው፤ የወባም ወራት ስለሆነ ያለ አጎበር የሚያድር ሰው አይመከርም። የአገሩ ሰው የሚበዛው ሙስሊም ነው።

እንግዲህ ከነዚህ ተሳላሚዎች አንድ ቤተ ሰብ በሐርቡ አጠገብ መሸበት እንበል። አባት መኪናውን ከማሽላ ማሳ ዳር በዋርካ ሥር ያቆማል፤ ድንኳኑን ይገልጣል፤ ልጆቹ በደስታ እየጮኹ መሰላሉን ይወጣሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማሳው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ በትራቸውን ይዘው ይመጣሉ።

«አብሽሩ፤ ምን ሆናችሁ? መኪናው ተበላሸ እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰው ወዶ በሜዳ ያድራል ብለው አላሰቡምና።

«አልተበላሸም፣ አባቴ። ከዚሁ ልናድር ነው፤ ቤታችንን ይዘን መጥተናል» ይላል አባት።

«ሰው ባለበት አገር በዛፍ ሥር ይታደራል? ግቡ እንጂ፣ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልን። እናንተን አናስቸግርም።»

ሽማግሌው ጥቂት ቆመው ድንኳኑን ይመለከታሉ፤ ከዚያም ሳይናገሩ ይመለሳሉ። (ዐዲስ ቤት ለሠራ ሰው «ቤት ለእንቦሳ» ይባላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል፤ በመኪና ጣሪያ ላይ ያለ ቤት ግን እንቦሳ የሚታሰርበት ስፍራ ስለሌለው ምናልባት ሽማግሌው በምን ቃል እንደሚመርቁት ቸግሯቸው ይሆናል።) ከአፍታ በኋላ አንዲት ልጅ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በሰፌድ ይዛ ትመጣለች። ከርሷም በኋላ አንድ ጐረምሳ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ ይመጣና ከዋርካው ሥር ይቀመጣል። ቤተ ሰቡ ከላይ ይተኛል፤ ጐረምሳው ከታች ያድራል። በሌሊት የሚያልፍ ሰው «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ «የኛ እንግዶች ናቸው» ብሎ ይመልሳል። እነርሱ ግን ይህን አልሰሙም። ማንንም አላስቸገርንም ብለው የተኙት ሰዎች አንድ ቤት ሙሉ ሰው አስቸግረው አደሩ።

ይሁን እንጂ አባትዮውን ፈጥኖ መኰነን አይገባም። በአገራችን የእንግዳ ታሪክ ሁሉ ማርና ወተት አይደለም። በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ባየ ጊዜ፣ ከተማው ድንኳን፣ ቤተ ክርስቲያኑም ድንኳን እንደ ነበረ ጽፏል። ያ ሁሉ ሠራዊት ድንኳኑን ተሸክሞ ይዞር ነበር እንጂ እህሉን ተሸክሞ አይዞርም ነበር፤ ስንቁ የገበሬው ጎተራ ነበረ። ከዚያም በኋላ ባሉት ብዙ ዘመናት ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመራ ሲያድር፣ ባለቤቱ መደቡን ለቆ ከከብቱ ጋራ ይተኛ ነበር፤ ዶሮው ሲያልቅ በጉ፣ በጉ ሲያልቅ የዘር እህሉ ይሄዳል። ዐፄ ምኒልክ ገበሬው ዐሥራት እንዲከፍል ሥርዐት ያወጡት ይህን መከራ ለማቅለል ነው። ስለዚህ «እንግዳ መጣ» የሚለው ድምፅ በገበሬ ጆሮ ሁልጊዜ የምሥራች ሆኖ አልተሰማም።

ወሎ ደግሞ ረሀብን የምታውቅ አገር ናት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሕዝቧ አልቋል፤ በ1977 ዓ.ም. በኮረምና ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በባቲ ድንኳን ተተክሎ የተራበ ሰው በእልፍ ተሰብስቦ ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን በድኻ ቤት ገብቶ የሚበላ እንግዳ የልጆችን ድርሻ ይበላል። ባለቤቱ ግን «አይ፣ ጠግበናል» ብሎ ያቀርብለታል፤ እናቲቱም ሕፃኑ እንዳያለቅስ አስቀድማ ታስተኛዋለች። እንግዳው ይህን አያይም፤ ወይም እያየ እንዳላየ ይሆናል። እንግዲህ የሰውን ቤት ከመግባቱ በፊት ጎተራውን የሚመለከት፣ አንዲት ዶሮ ብቻ ባለችበት ግቢ «ጾመኛ ነኝ» ብሎ የሚያልፍ መንገደኛ ቢኖር፣ የዚህ ሰው «አላስቸግርም» ምሕረት ነው። ከሰው ቸርነት ይልቅ የሰውን ችግር አይቷልና።

ነገር ግን በሐርቡው ዋርካ ሥር የቆመው አባት ጎተራውን አይቶ ነበርን? አላየም። ገና ቤታቸው የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። እንግዲያስ «አላስቸግርም» ሲል ምን ማለቱ ነበር? ይህ ቃል እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ «አላስቸግርም» ነው፤ ወርቁ «አላምንም» ነው። ፈርቶ ነበር። ፈራሁ ማለት ነውር ስለሆነ ፍርሃቱን ትሕትና አለበሰው።

ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ ያለችው አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ልጆቹን ይዞ የሚጓዝ አባት ይህን ሁሉ እያወቀ በማያውቀው ቤት «ግቡ» ሲሉት ልቡ ቢደነግጥ ማን ይፈርድበታል? ልጅን መጠበቅ ግዴታ ነው። ስሕተቱ መፍራቱ ላይ አይደለም፤ ፍርሃቱን በሌላ ስም መጥራቱ ላይ ነው። የፈራ ሰው «ፈርቻለሁ» ብሎ ለራሱ ቢነግር ምን እንደሚፈራ ይመረምራል፤ የአካባቢውን ሰው ይጠይቃል፤ ከከተማው ገብቶ ያድራል፤ ወይም የሽማግሌውን ፊት አይቶ ያምናል። ፍርሃቱን ትሕትና ብሎ የጠራው ግን ምንም የሚመረምረው ነገር የለውም፤ እንዲያውም በበጎነቱ ተደስቶ ይተኛል። ልጆቹም የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ ሰው «ግቡ» ሲል ጨዋ ሰው «አንገባም» ብሎ ይመልሳል የሚለውን ይማራሉ። ለአንድ ሌሊት ከመጠንቀቅ ይልቅ ይህ ትምህርት ወደ ኋላ የበለጠ ያስፈራል።

ያው መንገድ ሌላም ነገር አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከወልድያና ከራያ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ደሴ በመጡ ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ተጠለሉ፤ የደሴ ሰው እንጀራውንና ልብሱን ይዞ ወደነርሱ ሄዷል፤ በቤቱም የተቀበለ ብዙ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ግን የተቀበለውም ከተቀባዩ ጋራ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ታች ተሰደደ። ያን ጊዜ በእግርም በመኪናም ቤተ ሰቡን ይዞ በዚህ መንገድ የወረደ ሰው ለሽርሽር አልወጣም ነበር። ከወለጋ የተፈናቀሉትም በተሁለደሬ ወረዳ በጃሪ በሸራ ሥር ክረምትና በጋ አሳልፈዋል። ይህን ማንሣት የተሳላሚውን ቤተ ሰብ ደስታ ለመንቀፍ አይደለም፤ አባት ከልጆቹ ጋራ ሰማይ እያየ ቢያድር የተባረከ ነገር ነው፤ ብዙ አባት ልጆቹን የሚያውቃቸው በመንገድ ላይ ነው። ነገር ግን ሸራ ለአንዱ ጨዋታ፣ ለሌላው መጠጊያ በሆነበት አገር የሚያልፍ ሰው የሁለቱን ሸራ ልዩነት ለልጁ ሳይነግር ቢያልፍ መንገዱን አላየም።

ቤትን ተሸክሞ መሄድ ሰውን ከሰው ይለያል የሚልም ቢኖር፣ ከሐርቡ ብዙ ሳይርቅ የሚመልስለት ሕዝብ አለ። አፋሮች ቤታቸውን የሚሠሩት ከተቀለሰ ቀጭን እንጨትና ከሰሌን ነው፤ የምታቆመውም የምታፈርሰውም ሴቲቱ ናት፤ ሲነሡም በግመል ይጫናል። በበጋ ሣር ፍለጋ በከሚሴና በሐርቡ በኩል ወዳለው ወደ ጨፋ ረግረግ ከብታቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሰኞ ሰኞም በባቲ ገበያ ይታያሉ። ከጣሪያ ድንኳን በፊት ብዙ ሺህ ሌሊት ቤታቸውን ተሸክመው ያደሩ እነዚህ ናቸው። ሆኖም በአፋር ዘንድ ዳጉ የሚባል ሥርዐት አለ። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ዝም ብሎ ማለፍ የለም፤ ቁጭ ብለው ሰላሙን፣ ዝናሙን፣ ሣሩን፣ ውሃውን፣ የከብቱን ደኅንነት፣ ማን እንደ ሞተ ማን እንደ ተጋባ ተራ በተራ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሁለተኛው አያቋርጥም፤ የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ማደሪያ አይለምኑም፤ ቃል ግን ይሰጣሉ፣ ቃል ይቀበላሉ። በረሓ ለብቻ የሚኖሩበት ስላልሆነ፣ የማንንም መደብ የማይፈልገው መንገደኛ እንኳ የሰውን ወሬ ይፈልጋል። የከተማው ቤተ ሰብ ከአፋሩ የሚያንሰው በዚህ ነው፤ በድንኳኑ አይደለም።

የቆሎ ተማሪም እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ዋድላ ቅኔ ሊማር የሚሄድ ልጅ ለምዱንና አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ባለጸጋ አባት ያለው ልጅ እንኳ በተማሪነቱ ይለምን ነበር። ይህ ስለ እህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከቤቱ ስንቅ ማስጫን በተቻለ። ለምኖ ማደር ግን ከትምህርቱ ጋራ አብሮ የሚሄድ ነገር ነበረ። በማያውቀው ሴት ደጅ ቆሞ ቁራሽ የተቀበለ ልጅ፣ ሲሾምም ሲከብርም ያችን ሴት ያስባል፤ ውሻዋንም ጭምር።

አሁን ወደ ሽማግሌው ግብዣ ይመለሷል። ክርስቲያን ተሳላሚ በሙስሊም ቤት ገብቶ ምን ይበላል የሚል ይኖራል፤ ይህም እንደ ማምለጫ ይነገራል። ወሎ ግን ይህን ጥያቄ ከፈታው ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሰርግና በድግስ ሙስሊሙ ለክርስቲያን ጐረቤቱ በጉን በሕይወቱ ሰጥቶ ራሱ እንዲያርድ ያደርጋል፤ ዕቃውንም ይለይለታል፤ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ እንዲሁ። የሁለቱ ሃይማኖት ሳይቀላቀል፣ የሁለቱም ሥርዐት ሳይናቅ፣ አንድ ዳስ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ቡናና ቆሎ፣ እሸትና ውሃ ደግሞ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አይጠይቁም። ሽማግሌው እሸት መርጠው የላኩት ያለ ዕውቀት አይደለም፤ እንግዳቸው ያለ ጥርጥር ሊበላው የሚችለውን ዐስበው ነው። ያልተቀበላቸውን ሰው ሥርዐት ጠበቁለት።

የቀረው የማለዳው ነገር ነው። አባት ከመሰላሉ ወርዶ ጐረምሳው ተቀምጦ እንዳደረ ባየ ጊዜ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ገንዘብ መስጠት ክፉ አይደለም፤ ጐረምሳውም ደብተርና ብዕር የሚገዛበት ቢያገኝ ይደሰታል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሰጠው ሒሳብ ለመዝጋት ከሆነ፣ በሌሊት «የኛ እንግዶች ናቸው» ብሎ የተናገረውን ልጅ በማለዳ የተቀጠረ ዘበኛ ያደርገዋል። ከተማ የለመደ ሰው ዕዳ ሳይዝ ማደር ይወዳል፤ ለሰው ውለታ መኖርን እንደ ሸክም ይቈጥረዋል። ለዚህ ውለታ የሚመጥን የገንዘብ ልክ ግን የለም፤ ቢኖርም ሽማግሌው አይቀበሉትም።

ተሳላሚ ሆኖ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ግሸን ላይ የቤቱን ሰዎች ስም እየጠራ ይጸልያል፤ የታመመውን፣ የተሰደደውን፣ ያሳደረውን ያስባል። የሽማግሌውን ስም ሳይጠይቅ ከሐርቡ ከተነሣ ግን በዚያ ምን ብሎ ይጠራቸዋል? ስለዚህ በማለዳ ድንኳኑን ከማጠፍ አስቀድሞ ልጆቹን ይዞ ወደ ቤታቸው ቢሄድ፣ ስማቸውን ጠይቆ የራሱንም ቢናገር፣ ሰፌዱንም በልጆቹ እጅ ቢመልስ ይበቃል። መንገዱ የሚያስቸኩለው ከሆነም በዓሉ አልፎ ሲመለስ ከደሴ ገበያ ቡናና ስኳር ይዞ፣ ድንኳኑ ታጥፎ እንዳለ መኪናውን ከዋርካው ሥር አቁሞ ሊገባ ይችላል። አንድ ሰዓት ያህል ይቈያል፤ ቡናው ሲፈላ ልጆቹ በግቢው ይሮጣሉ፤ ጐረምሳውም ስለዚያች ሌሊት ይተርካል። አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መነሣት ግን በወሎ ደንብ አይደለም፤ ቶናውና በረካው እስኪወርድ መቀመጥ ነው።